988 መደወል ኢማን ማጣት አይደለም

በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በሲያትል ወንድም፣ እህት ወይም ዘመድ የሌለው የከተማችን ሙስሊም ጥቂት ነው። ስለ ሥራው፣ ስለ ወረቀቱና ስለ ኑሮው በየሳምንቱ እንጠይቀዋለን። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሞትን መመኘት ቢጀምር ግን ለማን ይናገራል? ለእኛማ አይናገርም። «ኢማንህ ደክሟል» ወይም «ጂን ይዞሃል» እንደምንለው ያውቃልና።

እዚያው አሜሪካ 988 የተባለ የስልክ መስመር አለ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ወዲህ ረጅሙን የቀድሞ ቁጥር ተክቶ ቀንና ሌሊት ያለ ክፍያ ይሠራል። ደዋዩ መጀመሪያ የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ጥቂት ከጠበቀ በኋላ በአገሪቱ ካሉት ከ200 በላይ ጣቢያዎች በአንዱ ያለ የሠለጠነ አማካሪ ያነሳለታል። እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሰው «አማርኛ» ይበል፤ አገልግሎቱ ከ240 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች በስልክ ያስተረጉማል።

«ተርጓሚው የሚያውቀኝ ሰው ቢሆንስ?» ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የእኛ ሰው በድምፅ ብቻ ይተዋወቃል! ሆኖም ደዋዩ ስሙን የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ተርጓሚውም ምስጢር ጠባቂ ነው። ፖሊስ ይመጣብኛል የሚል ስጋትም አለ። ሕይወቱ በዚያች ሰዓት አደጋ ላይ ከሆነና በንግግር ማረጋጋት ካልተቻለ ድንገተኛ እርዳታ ሊላክ ይችላል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የመስመሩ ኃላፊዎች እንደሚሉት ግን እንዲህ ያለው ከ100 ጥሪ 2 እንኳ አይሞላም።

አማካሪው «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። እኛ ይህን ጥያቄ ከአፋችን ማውጣት እንፈራለን፤ ሐሳቡን የምናስገባበት ይመስለናል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ጥያቄው ሐሳቡን እንደማይፈጥር ነው፤ እንዲያውም የተጠየቀው ሰው ሸክሙ ሊቀለው ይችላል። ከዚህ የምንደውል ቤተሰቦችም እንደዚሁ በግልጽ ብንጠይቅ ምን አለ?

ዱዓውስ፣ ሶላቱስ? ማን ተዉ አለ! ነብዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው ነጥቷል፤ ኢማናቸው ጎድሏል የሚል ሙስሊም አለ? ራስን መግደል ሐራም መሆኑን ለተጨነቀ ሰው ደጋግመን እንነግረዋለን። እርሱም ያውቀዋል፤ ጭንቀቱን የሚደብቀንም ስለሚያውቅ ነው።

988 የአሜሪካ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭንቀት የገጠመው ሰው ካለ ብቻውን አይተዉት፤ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብረውት ይሂዱ።