ስለ ጉበት ስብና የስኳር በሽታ ስለሚያስከትለው ጉዳት

መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ዕቃ በልኩ ገብቶ በልኩ ሲወጣ ንግድ ይሠምራል፤ ከልክ በላይ ሲከማች ግን ዕቃው ብቻ ሳይሆን መጋዘኑም ይበላሻል። በሰው አካል ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ጉበት ነው። ጉበት በስተቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፤ በጐልማሳ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ሲሆን፤ ከምግብ የተገኘውን ስኳር ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ሰው ሲተኛና ሲጾም ደግሞ ካስቀመጠው እየቀነሰ ለደም ይሰጣል።

ለዚህ መጋዘን ትእዛዝ የሚያደርሰው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ሰው በበላ ጊዜ ኢንሱሊን ወደ ጉበት ደርሶ፤ በደም ውስጥ ስኳር በቅቷልና ማውጣቱን እንዲያቆም ያዘዋል። ጤነኛ ጉበት ይታዘዛል። ስብ የተከማቸበት ጉበት ግን ትእዛዙን እንደሚገባ አይቀበልም፤ ስኳር ተትረፍርፎ ሳለ እርሱ ይጨምርበታል። አንዳንድ ሕመምተኛ ራት ሳይበላ አድሮ ጠዋት ሲመረመር ስኳሩ ከፍ ብሎ በማግኘቱ ይገረማል፤ ያን ስኳር ያወጣው የገዛ ጉበቱ ነው።

ብዙ ሰው የጉበት በሽታ የጠጪ በሽታ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ዶክተር ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቹ የ20 ሕመምተኞችን ታሪክ ገለጡ፤ ጉበታቸው የጠጪ ጉበት መስሎ ሳለ መጠጥ የሚያበዙ ሰዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ወፍራሞች ነበሩ፤ የስኳር ሕመም ያለባቸውም በመካከላቸው ነበሩ። ዛሬ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት የጉበት ስብ አለባቸው።

ጉዳቱም በሁለቱም ወገን ይሄዳል። ስብ የሞላው ጉበት ትርፉን ስብ ወደ ደም ይልካል፤ የደም ሥሮችም እየጠበቡ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለቱን በሽታዎች አንድነት የያዘ ሰው፤ የስኳር በሽታ ብቻ ካለበት ይልቅ ለልብና ለኩላሊት ሕመም የተጋለጠ ነው። (ስለ ዐይንና ስለ ነርቭ የተደረጉት ጥናቶች ግን ገና አንድ ቃል አልሆኑም።) በሌላው ወገን የስኳር በሽታ የጉበትን ቍስል ያፋጥናል፤ ቍስሉ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳውም ሲበዛ ጉበቱ ይጠጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም ካንሰር ይከተላል። ሆኖም የጉበት ስብ ያለባቸውን ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚገድላቸው የልብ በሽታ ነው።

ክፋቱ ጉበት ሳያሳምም መጎዳቱ ነው። የስኳሩን ልክ ብቻ እየተመለከተ ደህና ነኝ የሚል ሰው፤ ገቢውን ብቻ መዝግቦ ዕዳውን እንደማይቈጥር ባለሱቅ ነው። ለጉበት የሚደረገው ተራ የደም ምርመራ ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጠባሳ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ ፊብ-4 በሚባለው ስሌት እንዲመረመር ይመክራል። ስሌቱ የሚሠራው ከሕመምተኛው ዕድሜ፤ ከሁለት የጉበት ኢንዛይሞችና ከፕላትሌት ቍጥር ስለ ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ውጤቱ ከ1.3 በታች የሆነ እንደ ሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ነገር አነስተኛ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ግን መነሻው 2 ነው። ሐኪሙ ባያነሣው ሕመምተኛው ራሱ ሊጠይቀው ይገባል።

ስለ መድኃኒቱ ከተነሣ፤ ከሁሉ የሚቀድመው ክብደት መቀነስ ነው። ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ የቀነሰ ሰው የጉበቱ ስብ ይቀንስለታል፤ ቍስሉና ጠባሳው እንዲሻሻል ግን ከ7 እስከ 10 እጅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ6 እስከ 9 ኪሎ ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ለሚውል፤ ከደንበኛው ጋር ዋጋ ሲነጋገር ለእያንዳንዱ እንግዳ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ለሚጠጣ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጮማና ቅቤ ስላልበላሁ ስብ አይዘኝም የሚለውም ይሳሳታል፤ ጉበት ከትርፍ ስኳር ራሱ ስብ ይሠራልና፤ በጾም ወራት በለስላሳና በነጭ ዳቦ የሚያልፍ ሰው መጋዘኑን እየሞላ ነው።

አዳዲስ መድኃኒቶችም ወጥተዋል። ጠባሳ ለጀመረው ጉበት ሬስሜቲሮም እ.ኤ.አ. በ2024፤ ሴማግሉታይድም በ2025 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው። ከዚህ ጋር አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ብዙ ሰው ጉበትህ ስብ አለበት በተባለ ጊዜ ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል ክኒን፤ ጉበቴን ይጎዳል ብሎ በገዛ ራሱ ያቆማል። የጉበት ስብ መኖሩ ብቻ ይህን ክኒን የሚያስከለክል አይደለም፤ ልብን የሚጠብቀውም እርሱ ነው።