የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ልዩነት
የውጭ አገር ባለሙያ ለሚቀጥሩ ነጋዴዎች

በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ፣ ዕጩ መኰንኖቹን ያስተማሩት ከስዊድን በውል የመጡ መኰንኖች ነበሩ። ዛሬም በዚያችው ከተማ ዙሪያ በሚገኙት የአበባ እርሻዎች የውጭ አገር ባለሙያዎች ተቀጥረው ይሠራሉ። ነገር ግን በውል መጥቶ መሥራትና በአገሩ ተቀምጦ መኖር በሕግ ፊት ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ይህን ሳይለይ የሚቀጥር አሠሪ ራሱንም ሠራተኛውንም ይጎዳል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የአበባ ነጋዴ የመስኖ ባለሙያ ከውጭ አገር ሲያስመጣ፣ «ጥቂት ዓመት ከሠራህ ቋሚ ነዋሪ ትሆናለህ» ቢለው፣ በእጁ የሌለውን ነገር ሰጥቷል። ባለሙያውም ይህን አምኖ ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ ይመጣ ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚደነግገው፣ የሥራ ፈቃድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት የሚሰጥና በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ሚኒስቴሩ የጊዜውን ወሰን ሊለውጥ፣ ባለሙያው ለሥራው አስፈላጊ አለመሆኑን ሲያረጋግጥም ፈቃዱን ሊሰርዝ ይችላል። የኢንቨስትመንት ዐዋጅ ቁጥር 1180/2012 ደግሞ ባለሀብቱ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ በውጭ ባለሙያዎቹ ቦታ እንዲተካ ያዝዛል። የሕጉ አሳብ ዕውቀቱ በአገር እንዲቀር ነው፤ ሰውዬው እንዲቀር ግን አያስገድድም። እንግዲህ የሥራ ፈቃድ ስለ ታደሰ ብቻ ቋሚ መኖሪያ አይሆንም።

ለመቅረት የሚፈልግ ሰው ሌላ በር ማንኳኳት አለበት። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሥልጣን ነው። በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ በዐዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት መታወቂያ ካገኘ፣ የሥራም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልገውም። ዜግነት የሚጠይቅ ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ቢያንስ አራት ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ ያለው፣ መልካም ጠባይ ያለውና ከአገሪቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል መሆን አለበት፤ በሆለታ ገበያ የለመደው ኦሮምኛ ይበቃዋል። የቀድሞ ዜግነቱን ግን ይለቃል። ኢትዮጵያዊት ያገባ ወይም ኢትዮጵያዊ ያገባች፣ ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላው፣ የሚጠየቀው የመኖሪያ ዘመን አንድ ዓመት ነው።

ስለዚህ ብልህ አሠሪ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ በውሉ ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ዘመን ለይቶ ይጽፋል፤ ስለ ቋሚ መኖሪያ ቃል አይገባም። ሁለተኛ፣ የማሳደሻውን ቀን ከወዲሁ በመዝገብ ይይዛል። ሦስተኛ፣ የታደሰውን ፈቃድ ሁሉ ቅጂ ለባለሙያው ይሰጣል፤ ኋላ አራቱን ዓመት ለማስረዳት የሚጠቅመው ይህ ነውና። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።