የሶፍትዌር መመሪያ መጻፍና ማረም እንደ ሙያ

ሶፍትዌር፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ኤሌክትሪካል የምታጠኑ ብዙዎቻችሁ ስለ ሥራ ስታስቡ ከፊታችሁ የሚመጣው ፕሮግራመርነት ብቻ ነው። ዛሬ የምናየው ከእሱ ጎን ያለ፣ ግን ግቢያችን ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይነሳ ሙያ ነው። ቴክኒካል ራይተር ይባላል። ሶፍትዌሩን ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ ቴክኒካል ራይተሩ ሰዎች እንዴት እንደሚጠቀሙበት ይጽፋል፣ በሌሎች የተጻፈውን ያርማል፣ ሶፍትዌሩ በተለወጠ ቁጥር መመሪያውን ያድሳል። የጽሑፎቹ ስብስብ ዶክዩመንቴሽን ይባላል።

ሥራው አዲስ አይደለም። የዩኒክስ የመጀመሪያው ማንዋል የወጣው በኖቬምበር 1971 እ.ኤ.አ. ነው። ሊኑክስ ላይ «ማን» ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣላችሁ ገጽ የዚያ ማንዋል ዝርያ ነው። እኔ ከሁሉ የምወድለት «በግስ» የሚለውን ክፍል ነው፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የራሳቸውን ሥራ ጉድለት እዚያው መመሪያው ላይ ጽፈው ያስቀምጡታል።

የሥራው ፍላጎት ከየት እንደሚመጣ ለማየት አንድ ጥናት ይበቃል። ጊትሀብ በ2017 እ.ኤ.አ. የኦፕን ሶርስ ተሳታፊዎችን ጠይቆ ነበር። 93 በመቶዎቹ ያልተሟላ ወይም ጊዜው ያለፈበት ዶክዩመንቴሽን እንደ ችግር እንደገጠማቸው ተናገሩ። ኮድ ከሚያበረክቱት መካከል ግን 60 በመቶዎቹ ዶክዩመንቴሽን ላይ አልፎ አልፎ ካልሆነ ወይም ጨርሶ እንደማይሠሩ ገለጹ። ሁሉም ይቸገራል፣ አብዛኛው ግን አይነካውም።

ይህን ለጓደኞቼ ሳነሳ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «እንግሊዝኛዬ ለዚያ አይበቃም።» ቋንቋ ያስፈልጋል፤ አልክድም። ግን የሥራው ከባድ ክፍል ቋንቋው አይደለም። በአማርኛ ምሳሌ እንየው። አንድ መተግበሪያ እንዲህ የሚል መመሪያ አለው እንበል፦

«የተጠቃሚው ምዝገባ ከተከናወነ በኋላ የማረጋገጫ ኮድ የሚላክ ሲሆን ኮዱም እንዲገባ መደረግ ይኖርበታል።»

ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን ኮዱን ማን ያስገባዋል? በምን ይደርሰዋል? ካልደረሰስ? እንዲህ ብናስተካክለውስ፦

«ስልክ ቁጥርዎን አስገብተው ‹ላክ› የሚለውን ይጫኑ። 6 አኃዝ ያለው ኮድ በአጭር መልእክት ይደርስዎታል። ኮዱን በ5 ደቂቃ ውስጥ ያስገቡ። ጊዜው ካለፈ ‹እንደገና ላክ› የሚለውን ይጫኑ።»

አነጋገሩ ቀለለ፤ ይህ ትንሹ ለውጥ ነው። ትልቁ «5 ደቂቃ» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ሺህ ጊዜ ብናሳምረውም ከውስጡ አይወጣም። የሚገኘው ፕሮግራመሩን በመጠየቅ ወይም ኮዱን ከፍቶ በማንበብ ነው። ከዚያም 6 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ጠብቆ በእርግጥ እምቢ ማለቱን መሞከር ያስፈልጋል። ኮድ ማንበብ የሚችልና መጠየቅ የማያፍር ተማሪ፣ እንግሊዝኛው ከሚያምር ግን ሲስተሙን ከማያውቅ ሰው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

እኛ ደግሞ ሌላው የማያስባቸውን ጥያቄዎች እናስባለን። አንድ ሲስተም «የልደት ቀን ያስገቡ» ብቻ ቢል በየትኛው አቆጣጠር? መስከረም 1 ቀን 2017 ለሲስተሙ 2024-09-11 ነው። ጳጉሜን 5 የተወለደ ሰው ወሩን 13 ብሎ ቢያስገባ ሲስተሙ አይቀበለውም፤ ይሄኛው እንኳ ይሻላል፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። መስከረምን 1 ብሎ ያስገባው ሰው ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጃንዋሪ ላይ ይመዘገባል። «ከ2 ሰዓት ጀምሮ» የሚለውም እንደዚያው ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዩ» ብሎ ሲያልፍ አማርኛው አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ የሚለውን መምረጥ ግድ ይለዋል። የተመረጠው እስከ መጨረሻው ገጽ እንዲዘልቅ መጠበቅ የአራሚው ሥራ ነው። ለእንግሊዝኛው ጉግልና ማይክሮሶፍት ለዚህ ዓይነት ውሳኔ የሚሆን የአጻጻፍ መመሪያ በነጻ አውጥተዋል፤ ገብታችሁ እዩት።

ሌላው መታወቅ ያለበት ዲያታክሲስ የሚባለው የዳንኤሌ ፕሮቺዳ አከፋፈል ነው። ዶክዩመንቴሽንን ለጀማሪ ማስተማሪያ፣ አንድን ሥራ ለመፈጸም የሚረዳ መመሪያ፣ ዝርዝር ማጣቀሻ እና ማብራሪያ ብሎ በአራት ይከፍለዋል። መድረሳ ለቀራችሁ አይከብድም፤ መትን ለብቻው፣ ሸርሕ ለብቻው ሥራ እንዳላቸው ታውቃላችሁ። ማጣቀሻው መሐል ረጅም ማብራሪያ የከተተ ሰው ሁለቱንም ያበላሻቸዋል።

«ቻትጂፒቲ እያለ ማን ይቀጥረናል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ዓረፍተ ነገር ማሳመር ብቻ የነበረው ሥራ እየጠበበ የሚሄድ ይመስለኛል። ነገር ግን ማሽኑ ያንን 6 ደቂቃ አልጠበቀም፤ ያልነገሩትን ቁጥር እንደሚያውቅ ሆኖ ሊጽፈውም ይችላል። ሞክሮ የሚያረጋግጠው ሰው አሁንም ያስፈልጋል።

ስለ ገበያው ደግሞ እንዳላታልላችሁ። በአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሠረት በሜይ 2023 እ.ኤ.አ. የቴክኒካል ራይተሮች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 80,050 ዶላር ነበር። ይህ የእነሱ ገበያ ነው። እኛ አገር በዚህ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ ጥቂት ነው፤ ሥራው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራመሩ ወይም የደንበኛ ድጋፍ ሠራተኛው ላይ ተደርቦ ይሰጣል። ነገር ግን እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ ድርጅቶች ለዴቨሎፐሮች የሚሆን ዶክዩመንቴሽን አላቸው፤ ኤፒአይ የሚሸጥ ሁሉ ይህን የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል። በርቀት ለመሥራት የምታመለክቱ ከሆነም ከዲግሪያችሁ በፊት የሚጠየቀው የጻፋችሁት ናሙና ነው።

ናሙናውን ግቢ ውስጥ እያላችሁ ማዘጋጀት ይቻላል። የጉግልን ነጻ የቴክኒካል ራይቲንግ ኮርስ ውሰዱ፤ ማርክዳውንና ጊት ተለማመዱ፤ ሁለቱም ለጀማሪ የሚከብዱ አይደሉም። ከዚያ የምትጠቀሙበትን አንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ምረጡና ምንም ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ መመሪያውን ብቻ እየተከተላችሁ ጫኑት። የተደናቀፋችሁበትን ቦታ አስተካክላችሁ ፑል ሪኩዌስት ላኩ። ተቀባይነት ካገኘ ሲቪያችሁ ላይ የሚቀመጥ፣ ማንም ከፍቶ የሚያየው ሥራ ሆነ ማለት ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ደግሞ ቅርብ ዕድል አላችሁ። የፕሮጀክታችሁን መመሪያ ከሌላ ዲፓርትመንት ለሆነ ወንድም ወይም እህት ስጡና አጠገቡ ተቀመጡ። አትርዱት፤ «እሱን ሳይሆን ይሄኛውን» አትበሉት። የቆመበትን መስመርና የጠየቀውን ጥያቄ እየመዘገባችሁ ብቻ እዩት። ሲጨርስ በእጃችሁ ያለው ወረቀት የሚስተካከሉት ቦታዎች ዝርዝር ነው።