ለኩላሊት እጥበት ታካሚዎች የቪአር ፔዳል ጨዋታ እንዴት ይሠራል?

የዛሬው ትምህርት ጥቂት ሒሳብ፣ ጥቂት ብሉቱዝ፣ ጥቂትም አማርኛ አለበት። የምናየው የኩላሊት እጥበት (ሄሞዳያሊሲስ) ላይ ያለ ሰው እግሩ ሥር የተቀመጠውን ፔዳል እየረገጠ፣ በቪአር መነጽር መንገድ ላይ የሚጓዝበትን ጨዋታ ነው።

ለምን ያስፈልጋል?

ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ ይቆያል። ከእንቅስቃሴ ማጣት ጋር ጡንቻው እየሳሳ ይሄዳል።

እኔ ያለሁበት ፍራንክፈርትና አካባቢው ከዚህ ሕክምና ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ጌኦርግ ሃስ እ.ኤ.አ. በ1924 በሰው ላይ የመጀመሪያውን የደም እጥበት የሞከረው ከከተማዋ በስተሰሜን ባለችው ጊሰን ነው፤ ያኔ የፈጀው 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። የእጥበት ማሽኖችን የሚሠራው ፍሬሴኒየስም መቀመጫው እዚሁ ጎረቤት፣ ባድ ሆምቡርግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው የጀርመኑ የዲያቲቲ ጥናት በ21 የእጥበት ማዕከላት ተካሂዷል። በእጥበት ላይ እያሉ ለ12 ወራት ስፖርት የሠሩ ታካሚዎች በ60 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ተነስተው የሚቀመጡበት ብዛት በአማካይ ከ16.2 ወደ 19.2 ከፍ አለ። ያልሠሩት ግን ከ16.2 ወደ 14.7 ወረዱ። ልብ በሉ፣ ይህ ውጤት የስፖርቱ እንጂ የመነጽሩ አይደለም። የጨዋታው ሥራ ሰውየው ሳይሰለች እንዲቀጥል መርዳት ነው።

ከኮዱ በፊት ሦስት ደንቦች

1. መርፌ የገባበት ክንድ መንቀሳቀስ የለበትም። ስለዚህ ጨዋታው በእግርና በዕይታ ብቻ ይመራ፤ የእጅ መቆጣጠሪያ አንጠቀም።
2. ፈሳሽ ከሰውነት በወጣ ቁጥር የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል፣ እንቅስቃሴው በሐኪም ፈቃድ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ይሁን።
3. ነጥብ የሚሰጠው ለፈጠነ ሳይሆን ባለሙያው በወሰነው ፍጥነት ለቆየ ነው።

የፔዳሉ ሒሳብ

ተራ የብስክሌት ሴንሰር በብሉቱዝ ሁለት ቁጥሮች ይልካል፦ እስካሁን የተዞረውን ጠቅላላ ዙርና የመጨረሻው ዙር የተመዘገበበትን ጊዜ። የጊዜው መለኪያ የሰከንድ 1/1024ኛ ነው። ስለዚህ፦

የደቂቃ ዙር = የዙር ልዩነት × 60 × 1024 ÷ የጊዜ ልዩነት

ችግሩ ጊዜው በ16 ቢት ስለሚቀመጥ በየ64 ሰከንዱ ከዜሮ ይጀምራል። ቀዳሚው ንባብ 65000፣ አዲሱ 488 ቢሆን ልዩነቱ ኔጌቲቭ ይመጣል። መፍትሔው፦

ልዩነት = (አዲስ − ቀዳሚ + 65536) % 65536

ለምሳሌያችን 1024 ይሰጣል፤ ማለትም ልክ 1 ሰከንድ። ይህን ከዘነጋን በየደቂቃው አንድ ጊዜ ያህል ፍጥነቱ የተዛባ ይሆናል። የዙሩ ቁጥርም 16 ቢት ስለሆነ ያው ቀመር ይሠራለታል።

ታካሚው እግሩን ሲያቆም ደግሞ አንድ ዓይነት ጊዜ ተደጋግሞ ይመጣል፤ ልዩነቱ 0 ስለሚሆን ለዜሮ ማካፈል ይከተላል። እንዲህ ሲሆን የቀድሞውን ፍጥነት ያዙ፤ ለ3 ሰከንድ አዲስ ዙር ካልመጣ 0 አድርጉት።

ማዞርና ማቅለሽለሽ

ምስሉ በሰከንድ ከ72 ፍሬም በታች እንዳይወርድ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ የፍጥነቱም ለውጥ ዝግ ያለ ይሁን። ታካሚው ወደ ኋላ ጋደም ስለሚል ዓይኑ የሚያርፈው ከፍ ብሎ ነው። የሚታዩ ነገሮችን በዚያው ከፍታ ካላስቀመጥን አንገቱን ሊያሳምመው ይችላል።

አማርኛው

«ርገጥ» ወይስ «ርገጪ»? «ይርገጡ» ብንል አክብሮቱንም እንጠብቃለን፣ የጾታ ጥያቄውንም በአንድ ቃል እንገላገላለን። መነጽር ውስጥ ትናንሽ ፊደላት ስለሚመሳሰሉ መመሪያው በድምፅ ይሁን። «ደከመኝ» የሚለው ምርጫ ግን ሁልጊዜ በትልቁ ይታይ፤ ታካሚው ትኩር ብሎ ሲያየው ጨዋታው ይቁም፣ ነርሷም ምልክት ይድረሳት።

ለልምምድ

ቀዳሚ ንባብ፦ 14 ዙር፣ ጊዜ 63488። አዲስ ንባብ፦ 16 ዙር፣ ጊዜ 512። የደቂቃ ዙሩ ስንት ነው? 48 ካገኛችሁ ኮዳችሁ ለሙከራ ደርሷል። መጀመሪያ ግን በራሳችሁ እግር ሞክሩት፤ ታካሚ ዘንድ የሚደርሰው ባለሙያ ካየው በኋላ ነው።