ስለ መኪና ማርሚታ አጠጋገንና አለዋወጥ

ማርሚታ የሚለውን ቃል የወረስነው ከኢጣልያንኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ድስት ማለት ነው። ስሙም አላግባብ አልተሰጠውም፤ የሞተሩን ጩኸት በሆዱ አፍኖ የሚያበርድ የብረት ድስት ነውና።

ይህ ዕቃ የሚበላው በመንገድ ጭቃ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም በውኃ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ረዥም መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ ማርሚታው ስለሚግል እንፋሎቱ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከልደታ መርካቶ ዕቃ አድርሶ የሚመለሰው መኪና ግን ማርሚታው በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚቆም፣ ውኃው ከጭሱ አሲድ ጋር ተደባልቆ ከታች ይተኛና ላሜራውን ያዝገዋል። አጭር መንገድ መኪናን ያቆያል የሚሉ ባለንብረቶች ይህን አላሰቡትም።

ማርሚታ መቀደዱ በጩኸት ይታወቃል፤ ነገር ግን ጩኸቱ ቀላሉ ጉዳት ነው። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ስለሆነ፣ በቀዳዳው አምልጦ ወደ መቀመጫው ክፍል ከገባ ራስ ያሳምማል፣ ያደነዝዛል፣ ሲበዛም ይገድላል። ስለዚህ ሾፌሩ መስኮት ዘግቶ ሲነዳ ራሱን የሚያመው ከሆነ፣ ባለንብረቱ ሰውየውን ወደ ሐኪም፣ መኪናውንም ወደ ጋራዥ መላክ ይገባዋል።

በቤቱ ሊጠግን የፈለገ ሰው መኪናውን በደልዳላ ሥፍራ አቁሞ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ይታገሥ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ነፍስን መያዣ ማስያዝ ስለሆነ ካቫሌቶ ያስደግፍ፤ ጎማዎቹንም በድንጋይ ያግድ። የዛጉትን ብሎኖች ዘይት ቀብቶ ማሳደር ብዙ ድካም ያስቀራል። የላላ ፋሼታ ማጥበቅ፣ የተበጠሰ ማንጠልጠያ ጎማና የተበላ ጓርኒሲዮን መለወጥ ጠንቃቃ ሰው ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው። ላሜራው በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ ግን ልጥፍ አይዝለትም፤ ይለወጥ። ብየዳውን ለባለሙያ መተው ይሻላል፤ የነዳጅ ቱቦ ቅርብ ነው፣ የባትሪውም ሽቦ አስቀድሞ መፈታት አለበት። ሞተሩም የሚሞከረው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን በግልጥ ሜዳ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታ የለውም። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለታገደ፣ ቀድሞ የገቡት እየተጠገኑ ረዥም ዘመን ማገልገል ግድ ሆኖባቸዋል። እንግዲህ አስመጪው ማርሚታውን ሲያዝዝ ፋሼታውን፣ ጓርኒሲዮኑንና ማንጠልጠያ ጎማውን አብሮ ይዘዝ። ባለሱቁም የመኪናውን ስም ብቻ ሰምቶ ከመሸጥ ይልቅ የቧንቧውን ስፋት በሚሊሜትር፣ የማርሚታውን ርዝመትና የማንጠልጠያዎቹን ቦታ ቢጠይቅ የሚመለስበት ዕቃ ያንሳል። ከሶማሌ ተራ አሮጌ ማርሚታ የሚገዛ ሰው ደግሞ አንሥቶ ያወዛውዘው፤ የዝገት ቅርፍት በውስጡ ከተንኳኳ ዋጋው ቢረክስም አይግዛው።