ሕዝብ መተባበርን የሚማርበት መንገድ፤ ስለ ወንፈልና ስለ ጓሳ ምድር ጥበቃ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ የመተባበርን ፍሬ ይነግራል፤ ድሩ የሚያብርበትን መንገድ ግን አይነግርም። የገጠርን ሥራ የሚመሩ ሹማምንት ኹሉ ሊመረምሩት የሚገባው ይህን መንገድ ነው፤ ሕዝብ ተባበር ስለ ተባለ ብቻ አይተባበርምና።

የመዠመሪያው ትምህርት ቤት ወንፈል ነው። ወንፈል ማለት ጥቂት ገበሬዎች ተስማምተው፥ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን እርሻ በየተራ የሚያርሙበትና የሚያጭዱበት የጉልበት ብድር ነው። ደቦ ግን ባለ እርሻው ብዙ ሰው ጠርቶ፥ እንጀራና ጠላ አቅርቦ፥ ከባዱን ሥራ በአንድ ቀን የሚያስፈጽምበት ስለ ኾነ ብድሩ እንደ ወንፈል በቀን አይቈጠርም። የወንፈል ማኅበር ትንሽ ነውና ማን እንደ መጣ፥ ማን እንደ ቀረ ያለ መዝገብ ይታወቃል። ያለ በቂ ምክንያት የሚቀር ሰው ተራው ሲደርስ ረዳት ያጣል። ስለዚህ ገበሬው በወንፈል ኹለት ነገር ይማራል፤ ይኸውም ያበደረው ጉልበት እንደሚመለስለት ማመንን፥ የተበደረውንም መክፈልን ነው።

ነገር ግን ግጦሹ ወይም ውሃው የጋራ ሲኾን ነገሩ ይከብዳል፤ አንዱ የቈጠበውን ሌላው ሊወስደው ይችላልና። ለዚህ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ምድር መልካም ምሳሌ ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል። በጥንቱ ሥርዐት ባለ ርስቶቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው ምድሩን በተራ ይጠብቁ ነበር። ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ምድሩ 3 ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጋ ነበር። የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል፤ በበጋ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብት ይገባል፤ ክረምት ሲገባም በሐዋርያት በዓል፥ በሐምሌ 5 ቀን፥ እንደ ገና ይዘጋል። የጥበቃ ተራውን የተወ ወይም ያለ ጊዜው ከብት ያስገባ ሰው ይቀጣ ነበር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲኾን የርስት መብት ቀረ፤ አስተዳደሩም ወደ ገበሬ ማኅበራት ዞረ። ከርስት ውጭ ለነበሩት ሰዎች ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን በሩ ሲከፈት በረኛው አልተተካም፤ ከአሮጌው ሥርዐት ጋራ ጥበቃው ላላ፥ ምድሩም ተጐዳ። በኋላ ሕዝቡ ተመካክሮ በአዲስ ደንብ ጥበቃውን ስላቆመ፥ ሣሩም ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም መጠጊያ አገኙ።

ይህ የመንዝ ብቻ ነገር አይደለም። አሜሪካዊቱ ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የስዊስን የተራራ ግጦሽ፥ የጃፓንን የመንደር ደንና የእስፓኝን የመስኖ ውሃ መርምረው ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። የጋራ ሀብት ሳይጠፋ ረዥም ዘመን የቆየው፥ ተጠቃሚው ማን እንደ ኾነ በታወቀበት፥ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጡበት፥ ጠባቂው ለእነርሱ መልስ በሚሰጥበት፥ ቅጣቱም ከቀላል ተነሥቶ እየከበደ በሚሄድበት ስፍራ ነው። በዚያው አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. በዚሁ ጥናት የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

እንግዲህ የወረዳ ሹም አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ይህን ግጦሽ ወይም ይህን ውሃ እስካኹን የጠበቀው ማን ነው? ከደንቡ ውጭ የቀረው ድኻ፥ መበለት ወይም መጤ ማን ነው? ያጠፋውንስ የሚዳኘው ማን ነው? የጐደለውን ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዲያርሙት ሽማግሌዎቹንም የተገለሉትንም በአንድነት ሰብስቦ ያማክር፤ የተስማሙበትንም ደንብ በማኅተሙ ያጽና። አሮጌው ጥበቃ የሚሻረው አዲሱ ጠባቂ በስፍራው ከቆመ በኋላ ይኹን፤ በመካከል ባዶ የሚቀር አንድ ክረምት ብዙ ዓመት የተጠበቀውን ሣር ሊያስጨርስ ይችላልና።