የዳሌ መገጣጠሚያ ልባስ ቀዶ ሕክምና፦ ለንቁ ታካሚዎች ያለው ጥቅምና ስጋት

በሕክምና ጽሑፎች «ንቁ ታካሚ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ስፖርት መመለስ የሚሻ ሰው ይታሰባል። በአዲሱ ገበያ ግን ቃሉ ሰፋ ይላል፤ ወደ ሱሉልታ ለልምምድ የሚወጣውን ሯጭ ብቻ ሳይሆን ኩንታል የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛና ከእንጦጦ ማገዶ ይዛ የምትወርደውን እናት ጭምር ያቅፋል።

በተለመደው ሙሉ ቅየራ የጭን አጥንት ራስ ተቆርጦ ይወጣና በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የብረት ዘንግ ይተከላል። በልባስ ቀዶ ሕክምና ራሱ አይወገድም፤ ተሞርዶ የብረት ቆብ ይደረግለታል፤ የዳሌው ጎድጓዳ ስፍራም በብረት ይሸፈናል። ዘመናዊው ስልት እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ በርሚንግሃም በቀዶ ሐኪሙ ዴሪክ ማክሚን አማካይነት ሥራ ላይ ውሏል። ዋና ጥቅሙ አጥንት መቆጠቡ ነው፤ ወደፊት ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ የጭን አጥንቱ ቦይ ሳይነካ ይገኛል። የቆቡ ስፋት ከተፈጥሮው ራስ ጋር ስለሚቀራረብ የመውለቅ አደጋውም አነስተኛ ነው። ዝቅ ባለ በርጩማ ለሚቀመጥና አዘውትሮ ለሚሰግድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቴኒስ ተጫዋቹ አንዲ መሪ በ2019 መጀመሪያ ይህን ሕክምና አግኝቶ በዚያው ዓመት አንትወርፕ ላይ ዋንጫ አንሥቷል፤ የአንድ ስመ ጥር ስፖርተኛ ውጤት ግን ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

ስጋቱ የሚመነጨው በአብዛኛው ከብረቱ ነው። ሁለቱ ገጾች ሲፋተጉ ኮባልትና ክሮሚየም ወደ ደምና በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ይገባሉ፤ በአንዳንዶች ላይ ሕመምና ዕጢ መሰል እብጠት ያስከትላሉ። ዴፒዩ የተባለው አምራች በ2010 ኤኤስአር የተሰኘውን ምርቱን ከዓለም ገበያ ሰብስቧል። ችግሩ የአጥንታቸው ራስ አነስተኛ በሆነ ሰዎች ላይ ይብሳል። ስሚዝ ኤንድ ኔፊው በ2015 የበርሚንግሃሙ ልባስ ለሴቶች እንዳይገጠም ያሳሰበውና አነስተኛ መጠኖቹን ከገበያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ማገዶ ተሸካሚዋ ከማንም በላይ ንቁ ብትሆንም ይህ ብረት ለእርሷ አይመከርም፤ «ንቁ» የሚለው መስፈርት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት እዚህ ላይ ይታያል።

አጥንቱ ጠንካራ ለሆነ ወጣት ሸክመኛ ነገሩ ይለያል። ያም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ወራት የጭን አጥንት አንገት ሊሰበር ይችላል፤ ደም አጥቶ የሞተው የአጥንት ክፍል ሰፊ ከሆነም ቆቡ የሚያርፍበት መሠረት ያጣል። ኮባልት በሽንት ስለሚወገድ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አይመረጥም። ከዚያ በኋላ ክትትሉ ይቀራል። ኤክስሬዩ ቅርብ ሊገኝ ይችላል፤ በደም ውስጥ ያለውን የብረት መጠን መለካት ግን ልዩ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። በብሪታንያ ለተጨማሪ ምርመራ ምልክት ተደርጎ የተወሰደው በአንድ ሊትር ደም 7 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ የቀን ሠራተኛው ናሙና የት እንደሚላክ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ለክትትል ሥራውን ትቶ መምጣት መቻሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊጠየቅ ይገባል።